ከሱሉልታ ደጅ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የጥንቱን ባሕር በድንጋይ ላይ ማንበብ

ሱሉልታ ያለው ቤቴ በር ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ሁለቱ ግራጫ ናቸው። የታችኛው ግን ቢጫ ቀመስ የኖራ ድንጋይ ነው። ከቀኝ ጥጉ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥምዝምዝ ነገር አለበት። ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ ቡናማ ነው። ዝናብ ሲነካው ይጎላል፣ ሲደርቅ ይደበዝዛል። የጎረቤት ልጆች እሱን ላለመርገጥ ዘለው ነው የሚገቡት። ቀንድ አውጣ ነው። የኖረውም ባሕር ውስጥ ነው።

የድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ሥራ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ድንጋዩ እጄ የገባው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ለገጣፎ አካባቢ የአንዲት እናት ቤት ደረጃ እየሠራን ነበር። ሻጩ ድንጋዩ ከጀማ ሸለቆ እንደመጣ ነግሮናል። እኔ ግራይንደር ይዤ ጠርዙን ሳለሰልስ እትዬ ቡና ይዘውልን መጡ። ጎንበስ ብለው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ትል የበላው ነው እንዴ? ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ታደርግልኛለህ?»

«ትል አይደለም እትዬ። ዛጎል ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል።»

«ዛጎል? ባሕሩ የት አለና?»

መልስ አልነበረኝም። ለ11 ዓመት እንዲህ ያለ ድንጋይ ስቆርጥ ኖሬ አንድ ቀንም አልጠየቅኩም። ድንጋዩን ቀየርኩላቸው፣ የተነሳውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ማታ ጂኦሎጂ የተማረ የጎረቤት ልጅ በአጉሊ መነጽር አየውና «ጋሼ፣ ይሄኮ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይ ሳላይ አልቆርጥም። ከዚህ በታች የምጽፈው እሱ ያሳየኝን፣ በኋላም በእጄና በእግሬ የተማርኩትን ነው። መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ትንሽ አቼቶ፣ የስልክ ባትሪ፣ ከተገኘ ደግሞ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

መጀመሪያ የት እንደማትፈልጉ ልንገራችሁ። ድካም ይቀንስላችኋል።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። እንጦጦ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ወጨጫም፣ የረርም፣ ዝቋላም እንዲሁ እሳተ ገሞራ ናቸው። ለመሠረት የምንጠቀምበት ጥቁር ድንጋይ፣ ኮረቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ ለሙሌት የሚመጣው ቀይ ድንጋይ፣ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ፣ ሁሉም ከእሳት የወጡ ናቸው። ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል አይቆይም። ስለዚህ ሰፈራችሁ ያለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ገብታችሁ ብትቆፍሩ ጊዜያችሁን ነው የምታባክኑት። ካባ ደግሞ ይናዳል፤ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ።

ጥቁር ድንጋይ ላይ አንድ አታላይ ነገር አለ። ሲፈለጥ ውስጡ ነጫጭ ክብ ነጠብጣብ ይታያል። አንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ብዙ ሰው ቀንድ አውጣ ወይም እንቁላል ይመስለዋል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ የያዘው የአየር አረፋ ነው። አረፋው ከቀዘቀዘ በኋላ በውኃ የመጣ ነጭ ማዕድን ሞላው። ሲያዩት ያምራል፤ ሕይወት ግን አልነበረውም። ቅርፁን ልብ በሉ። አረፋ መስመር የለውም፣ ጥምዝ የለውም፣ ክፍልፋይ የለውም።

ታዲያ የባሕሩ ድንጋይ የት ይገኛል? በመኪና ነው የሚመጣው። ሱሉልታ ላይ ቁጭ ብላችሁ የጎጃምን መንገድ ብታዩ ቀኑን ሙሉ ሲኖትራክ ይመላለሳል። ከሙገር ሸለቆ የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ ነው። ቤታችሁ ከብሎኬት ከሆነ በግድግዳው ውስጥ የተፈጨ የባሕር ወለል አለ ማለት ነው። ያንን ማንበብ አይቻልም፣ ዱቄት ሆኗል። የሚነበበው ሳይፈጭ የተቆረጠው ነው። የደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ የአጥር ልባስ፣ የወለል ንጣፍ፣ የመቃብር ድንጋይም ጭምር። አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት ደጅ የተጣለ ስባሪ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። ዘበኛውን ጠይቃችሁ እዚያው ማየት ትችላላችሁ።

አሁን ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ መሆኑን እናረጋግጥ። ቀለሙ ክሬም፣ ቢጫ ቀመስ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። በሚስማር ሲጫሩት ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ጥቁር ድንጋይ ግን በሚስማር አይበገርም። ስባሪው ላይ ትንሽ ጫር ጫር አድርጉና በዱቄቱ ላይ ሁለት ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበት። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ቀስ ብሎ ሺሽ ይላል፤ ደቃቅ አረፋ ያወጣል። ሎሚም ይሠራል። አሲዱ የኖራውን ድንጋይ ሲያሟሟው የሚወጣው አየር ነው አረፋ የሚሆነው፤ ለስላሳ ውስጥ ያለው ዓይነት።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ አቼቶ የምታደርጉት የተጣለ ስባሪ ላይ ብቻ ነው። የተወለወለ ወለል ላይ ካደረጋችሁ ቦታው ይሻክራል፣ ንጣቱም አይለቅም። ቅርፁ ላይ ደግሞ በፍጹም አታድርጉ። ሁለተኛ፣ የሲሚንቶ ልስንም አረፋ ያወጣል። ጠብታውን ፉጋው ላይ፣ ማለትም የንጣፉ መጋጠሚያ ላይ ባለው ሲሚንቶ ላይ፣ ጥሎ «ባሕር አገኘሁ» ያለ ሰው አውቃለሁ። እብነበረድም አረፋ ያወጣል፤ እሱም ድሮ የኖራ ድንጋይ ነበር። ነገር ግን ምድር ውስጥ ሙቀትና ጫና አብስሎ እንደገና ስለሠራው ዛጎሉ ጠፍቷል። እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ እህል ብቻ ነው የሚታየው። ሱቅ ውስጥ የሚወለወል ድንጋይ ሁሉ እብነበረድ ስለሚባል በስሙ አትመሩ፣ በዓይናችሁ ፍረዱ።

አንድ ሌላ ማታለያ በቅርብ ጊዜ መጥቷል። ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ ላይ የዛጎል ሥዕል ይታተማል። ጥርት ብሎ ያምራል። መለያው ቀላል ነው። ከክፍሉ ጥግ ጀምሮ አንድ በአንድ እዩ። ያው ዛጎል፣ በዚያው ቦታ፣ በሌላ ንጣፍ ላይ ከተደገመ ማተሚያ ቤት ነው የሠራው። ባሕር ራሱን አይደግምም።

ድንጋዩ ትክክለኛው ከሆነ ውኃ አፍስሱበት። ይሄ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ነው። ደረቅ የኖራ ድንጋይ አቧራ የለበሰ መስተዋት ማለት ነው። ሲርስ ግን ዳርና መሐሉ ይለያል። ከዚያ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልኩን ባትሪ በጎን በኩል፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር አስተኝታችሁ አብሩት። ከላይ ካበራችሁ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። ከጎን ሲበራ ትንሿ ጉብታ ሁሉ ጥላ ታበጃለች። እኔ የራሴን ደረጃ ለሦስት ዓመት ረግጬ ሁለተኛውን ዛጎል ያገኘሁት መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ባትሪ ይዤ ስገባ ነው።

ምን ታያላችሁ? የተቆረጠ ድንጋይ ላይ ዛጎሉ ሙሉውን አይታይም። መጋዙ ባለፈበት በኩል ተገምሶ ነው የሚታየው። ቲማቲም በቁመቱ ስትቆርጡትና በወርዱ ስትቆርጡት እንደሚለያየው ነው። ቀንድ አውጣ በቁመቱ ከተቆረጠ ሁለት ረድፍ ክፍሎች ግራና ቀኝ እየጠበቡ ወደ ጫፍ ይሄዳሉ፤ በወርዱ ከተቆረጠ ቀለበት ነው። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ኮራል እንደ ማር ቀፎ እንጀራ የተጠጋጋ ጉድጓድ አለው፤ በአንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንደ መኪና ጎማ ሽቦ ወደ መሐል የሚሄዱ መስመሮች ይታያሉ። የባሕር ጃርት ክብ፣ እሾሃም የባሕር እንስሳ ነው፤ እሾሁ በወርዱ ሲቆረጥ ደቃቅ አበባ ይመስላል።

አጉሊ መነጽር ካላችሁ አንድ የምወደውን ነገር ፈልጉ። አንዳንድ የኖራ ድንጋይ ሲታይ በሙሉ ጤፍ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ክብ ክብ፣ አንዳንዱ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ። እያንዳንዷ ፍሬ በመሐሏ ደቃቅ የዛጎል ስባሪ ወይም የአሸዋ ቅንጣት አላት፤ በላይዋ ደግሞ የኖራ ሽፋን ተደራርቦባታል። እንዲህ ያለው ፍሬ የሚሠራው ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ማዕበል የሚያንከባልለው ባሕር ውስጥ ነው። ዛሬም ባሃማስ ደሴቶች ዙሪያ እየተሠራ ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን እናቴ በሰፌድ ላይ ጤፍ ስታንገዋልል ትዝ አለችኝ። ማዕበሉም እንደዚያው ወዲያ ወዲህ ነበር የሚያንከባልለው።

ልብ በሉ፣ ዛጎል ብቻውን ስለ ባሕር አይመሰክርም። ቀንድ አውጣ በሐይቅም በመሬትም ይኖራል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከዝናብ በኋላ የምታዩት ነጭ ቀፎ የአምና ነው። ዝዋይና አብጃታ አካባቢ አፈር ውስጥ የሚገኘው ዛጎልም ሐይቆቹ ሰፊ በነበሩበት ዘመን የኖረ የሐይቅ ዛጎል ነው። የባሕር ምስክር የሚሆኑት በባሕር ብቻ የሚኖሩት ናቸው። የድንጋይ ቤት የሚሠራ ኮራል፣ የባሕር ጃርት፣ ብራኪዮፖድ። ብራኪዮፖድ ባለ ሁለት ክዳን ነው፤ ከተራው ዛጎል የሚለየው በሚዛኑ ነው። አንዱን ክዳን ብቻ ከላይ እዩት። ከመሐል ስትከፍሉት ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ ነው። ተራው ዛጎል ላይ ግን አንዱ ክዳን የሌላው መስተዋት ነው እንጂ የአንዱ ክዳን ግራና ቀኝ እኩል አይሆንም። ከነዚህ አንዱ ከቀንድ አውጣው ጋር በአንድ ድንጋይ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ባሕር ነው። የእኔ ደረጃ ላይ ከቀንድ አውጣው አራት ጣት ርቆ የባሕር ጃርት እሾህ አለ።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ እንመለስ። ባሕሩ የት አለና?

አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ማዳጋስካር፣ አውስትራሊያ፣ አንታርክቲካና ደቡብ አሜሪካ አንድ ላይ የተጣበቁበት ዘመን ነበር። ያ ትልቅ ምድር ጎንድዋና ይባላል። መሰነጣጠቅ ሲጀምር የእኛ መሬት ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ባሕሩም ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ገባ። ወደ መሐል አገር ገፍቶ ዛሬ ዓባይ ሸለቆና መቀሌ የምንለው ድረስ ደረሰ። ጊዜው ጁራሲክ ነው፤ ዳይኖሰሮች በየብስ ላይ የነበሩበት። ባሕሩ ጥልቅ አልነበረም። ፀሐይ ወለሉ ድረስ የምትደርስበት፣ ሞቃት ባሕር ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ሕይወት ይበዛል።

የሞተ ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ሥጋው ጠፋ፣ ቅርፊቱ ቀረ። ደቃቅ የኖራ ጭቃ ሸፈነው። በላዩ ሌላ ጭቃ፣ በላዩ ሌላ። ታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨምቆ ውኃው ወጣ፤ በቅንጣቶቹ መካከል ኖራ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ አያያዘው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቅርፊት ራሱ ሟሙቶ በቦታው ሌላ ማዕድን ይገባል። የእኔ ቀንድ አውጣ መሐሉ ቡናማ የሆነው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ቀፎው ባዶ ስለነበር በውስጡ ጭቃ ገብቶበታል። ጭቃው ደረቀ፣ ቅርጹን ያዘ። ፈጥኖ መሸፈኑ ነው ዋናው ነገር። ሳይሸፈን የቀረውን ማዕበል ይፈጨዋል።

ይህ የኖራ ድንጋይ በሳይንስ አንታሎ ይባላል። ስሙን ያገኘው ትግራይ ካለችው የአንታሎ ከተማ ነው። ያወጣለት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው ጦር ጋር የመጣ ሰው። የመቅደላ ዘመን ስንል ብዙ ነገር ትዝ ይለናል፤ ድንጋያችንም ስሙን ያገኘው ያኔ ነው።

ባሕሩ በመጨረሻ ወደመጣበት ተመለሰ። ከሄደ በኋላ ወንዞች ጭቃና አሸዋ አመጡ። ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው፣ በሙገር ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከዚያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተከፈተች። የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ ሰሜኑን ደጋ በሙሉ አለበሰው። ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከታች ያለው ሙቀት መሬቱን ወደ ላይ ገፋው። የባሕር ወለል የነበረው አብሮ ተነሣ። ሰው ብዙ ጊዜ ባሕሩ ተራራ ላይ የወጣ ይመስለዋል። ወለሉ ነው የወጣው።

በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። የኤቨረስት ጫፍ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የባሕር እንስሳት ስባሪ አለበት። ግብፅ ውስጥ ዋዲ አል ሂታን የሚባል በረሃ አለ፤ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ ማለት ነው። 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ሙሉ አጥንቶች አሸዋ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጎረቤታችን ኬንያ የተገኘው ነው። ቱርካና አካባቢ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የ17 ሚሊዮን ዓመት ዓሣ ነባሪ ቅሪት ተገኝቷል። በወንዝ ገብቶ የሞተ ነው። ዛሬ ቦታው 620 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ደግሞ ፏፏቴ አይወጣም። ስለዚህ ያኔ መሬቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካ መሬት መቼ መነሣት እንደጀመረ ለመገመት አጥንቱ መለኪያ ሆነ። አንድ እንስሳ መንገድ መሳቱ ይህን ያህል ነገረን።

አፋር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደናክል ላይ ያለው ኮራል የጁራሲኩ አይደለም። ከመቶ ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ዓመት ነው ዕድሜው። ቀይ ባሕር ገብቶ ነበር፣ ተቆርጦ ቀረና ደረቀ። ሁለቱን ባሕሮች አታደባልቁ።

የንባቡ ዋና ትምህርት ቤት ዓባይ በረሃ ነው። ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሱሉልታ ለምንነሳ መንገዱ ደጃችን ነው። ማልዳችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከላይ ወደ ታች፣ ከቅርብ ዘመን ወደ ሩቅ ዘመን ነው የምትሄዱት። ሌማት ላይ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። መጀመሪያ የተጋገረው ከታች ነው። ዓባይ ወንዝ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቆርሶታል። ወንዙ ባይቆርሰው ኖሮ የባሕሩ ወለል ተሸፍኖ በቀረ ነበር። መነሣቱ ብቻውን አይበቃም፣ መቆረስም አለበት።

ከላይ ጥቁሩ የእሳት ድንጋይ ነው፣ ቋሚ ገደል ይሠራል። ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ቀላ ነጣ ያለ። ቀጥሎ ነው የኖራ ድንጋዩ የሚመጣው፣ 400 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው። እንደ ደረጃ እርከን እርከን ይሠራል፤ ጠንካራው ንብርብር ወጣ ይላል፣ ለስላሳው ገባ ይላል። ዛጎሉ ያለው እዚህ ነው። ከሥሩ ነጭ የጀሶ ንብርብር ከሸክላ ድንጋይ ጋር ተፈራርቆ ይታያል። እሱ የቤታችን ኮርኒስ የሚሠራበት ዓይነት ጀሶ ነው። የባሕር ውኃ ጥልቀት በሌለው ቦታ ታግዶ በፀሐይ ሲተን መጀመሪያ ኖራው፣ ቀጥሎ ጀሶው፣ ከዚያ ጨው ይቀራል። ድስት ላይ የጨው ውኃ ረስታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ዳሩ ላይ የሚቀረው ነጭ ነገር ዓይነት ነው። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከባሕሩ በፊት የነበረው አሸዋማ ድንጋይ ላይ ናችሁ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ኩርባ ላይ አትቁሙ። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከገደሉ ሥር አትጠጉ፣ ድንጋይ ይወርዳል። ታች ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ውኃ በብዛት ያዙ። ለሚቸኩል ደብረ ሊባኖስ ይቀርባል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ የሸለቆውን ንብርብር ከላይ ማየት ይቻላል፣ ጭላዳውም አብሮ አለ።

አንዴ ጎሐ ጽዮን ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ፎቶ ሳሳይ አንድ አባት «ይሄ የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው» አሉኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ አባባሉን አልንቅም፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። ለእሳቸው ያልኳቸውን ለእናንተም ልበል። «አባቴ፣ ጎርፍ የነካውን ሁሉ ያደባልቃል። እዚህ ግን ጀሶው ለብቻው፣ ኖራው ለብቻው ነው። ጀሶ ደግሞ ውኃ ሲደርቅ እንጂ ሲጎርፍ አይሠራም። ኮራሉ ሥር ሰዶ ባደገበት ቆሟል።» ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እግዜር የቸኮለበት ነገር የለማ» አሉኝ።

ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? አትንቀሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ የደረጃ ሥራ ጨርሼ እንደለመድኩት የሲሚንቶ እድፍ በሚያወጣ አሲድ አጠብኩት። ጥቁር ድንጋይ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር። የኖራ ድንጋይ ነበር። ፈላ። ጠርዙ ላይ የነበረች የእጅ መዳፍ የምታህል ኮራል ዓይኔ እያየ ጠፋች። ያቺን ኮራል እስካሁን አልረሳኋትም።

በመሬቱ ላይ፣ በንብርብሩ ውስጥ ያለ ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መፈለግና መቆፈርን ይከለክላል። በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ድንገት ያገኘ ሰውም ባለበት ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር ካያችሁ በእጃችሁም አትንኩት። ከቦታው የተነሳ ቅሪት ግማሽ ታሪኩን ያጣል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን መናገር ይቸግራል። የእኔ ደረጃ እንኳ ከሻጩ ቃል በቀር ስለመጣበት ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ፎቶ አንሱ። አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡና አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ራቅ ብላችሁ ንብርብሩ ሁሉ እንዲታይ አንሱት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፉ። እኔ የምጽፈው የሥራ ሒሳብ በምይዝበት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ንጣፍ ከሆነ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ አጽዱት።

ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ጠራ። የለገጣፎዋ እትዬ ናቸው። የዚያን ጊዜውን ነገር ከዓመታት በፊት ሄጄ አስረድቻቸው ነበር።

«ልጄ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ አገኘሁ። እንደ ማር እንጀራ ነው። በረኪና ነካ ላድርግበት፣ እንዲጠራ?»

«ኧረ እትዬ! ውኃ ብቻ። ነገ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ምንም አይንኩት።»